ልለካ ሄጄ

የጠሩኝ ልለካ ነበር፣ ልዋኝ አይደለም፤
በሃያ ዓመት ያልቀየስሁት ማሳ በሜጫ የለም።
ሜትሬን በትከሻ፣ ችካሌን በጆንያ፣
ይዤ ወረድሁ ጣና ዳር፣ ወደ ጀልባ ማቆሚያ።
«ለእግር አምስት ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ደግሞ ለብስክሌት፣
ትራያትሎን ነው ስሙ» አሉኝ። ቀየስሁ፣ ፀሐይ እስክትገባ ቤት።

ውሃው ላይ ስደርስ ግን ችካሌ ሥራ ፈታ፤
ማን መትቶ ያቆመዋል ወለል በሌለው ቦታ?
ትሁን ሳቀችብኝ፤ የዋና አሠልጣኝ ናት፣
ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ጣና ያሳደጋት።
ቢጫ ጀሪካን አምስት በገመድ አሰረች፣
ወርውራ ወርውራ ሐይቁን ቀየሰች፤
ዞር ብላ አየችኝና «አንተስ ጋሼ?» አለች።

«እኔማ...» ብዬ ቀረሁ።
አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሆዴ ቀድሞኝ ቢሮ ይገባል።
እናቴ፣ ይልማና ዴንሳ፣ ከወንዙ ማዶ ስትጠራኝ
«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትል ነበርና
እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ አምኜው ኖርሁ፤
ከዚያ በላይ ያለውን ለጉማሬ ተውሁ።

«አረፋ ሥራ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።
ደመወዝተኛ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣
ፊቴን ነክሬ አረፋ ሠራሁ።
በሁለተኛው ሳምንት በጀርባዬ ተንጋለልሁ፤
ሰማዩን አየሁት፣ ማንም ካርታ ያላወጣለት።
በአራተኛው እምቦጭ እግሬን ቢነካኝ
ጉማሬ መስሎኝ ጮህሁ።
ዓሣ አጥማጁ አያ ጓዴ ታንኳውን አቁሞ
«ሣር ነው» አለኝ፣ «ጉማሬ ቢሆን አትጮህም ነበር።»

ብስክሌቱን ከምንይችል ተከራየሁ።
ስሙ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እጁ ላይ፣ ግራሶ የጠገበ።
«አባቴን ለሠርጉ ያደረሰ ፎኒክስ ነው፣
የኋላው ፍሬን ይሠራል፣ የፊቱን በጸሎት ያዝ።»
በመሸንቲ መንገድ ባጃጁ አለፈኝ፣
አይሱዙው አለፈኝ፣ ጭድ የጫነው ጋሪም አለፈኝ፤
ስመለስ ግን ነፋሱ ከኋላ ገፋኝ።

ባለቤቴ ውድነሽ የረጠበ ቁምጣዬን እያሰጣች
«ሰው በዚህ ዕድሜ ወይ ይመንናል ወይ ያብዳል፣
አንተ የትኛው ነህ?» አለች።
«ሦስተኛው» አልኋት።

ደረሰ። ኅዳር ነው፣ ብርዱ ይነክሳል፤
አሥራ ሰባት ሰው በቁምጣ ይንቀጠቀጣል።
ከጀሪካን ጀሪካን፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም።
ከውሃ ስወጣ ምድር እንደ ጀልባ ዋዠቀች፤
ሄልሜቴን ገልብጬ አጠለቅሁ፤
እርጥብ እግር ካልሲ አይገባም፣ ይህን ማን ነገረኝ?
ከብስክሌት ወርጄም ጉልበቴ
ሌላ ፔዳል ፍለጋ አየሩን ይረግጥ ነበር።

ከዘንባባው ሥር የገዛ እጄ የመታው ቀይ ችካል ቆሟል፤
ሁለት ሺህ ሜትር ይቀራል፣ ቀያሽ አይዋሽም።
ደግሞም ትዝ አለኝ፦ ያን ቀን ስለካ፣
እንዳይጎድል ብዬ፣ ለጥንቃቄ፣
አሥር ሜትር ጨምሬ ነበር።
ያችን አሥር ሜትር እስከ ዘር ማንዘሯ ረገምኋት።

ስደርስ ጠረጴዛው ታጥፏል፣
ሙዙ አልቋል፣ ድምፅ ማጉያው ባጃጅ ላይ ተጭኗል።
ትሁን የተጠቀለለውን ገመድ ፈታች፤
አንዱን ጫፍ ከዘንባባው አስራ
ሌላውን በእጇ ወጥራ ቆመች።
አሥራ ሰባተኛ። ከአሥራ ሰባት።
የመጨረሻዬን ችካል፣ ገበሬ ድንበሩን እንደሚዳስስ፣ ዳሰስሁት።

ሐይቁ ላይ አምስቱ ጀሪካኖች ይወዛወዛሉ፤
የሰበሰባቸው የለም።
«ማን ያምጣቸው?» አለች።
ጎንበስ አልሁና
የጫማዬን ክር ፈታሁ።